የአምባሰል ቅኝትና የዲጂታል ማጣሪያ አነዳደፍ

አምባሰል በደቡብ ወሎ የሚገኝ አገርና ተራራ ስም ብቻ ሳይሆን፣ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ መሆኑ ይታወቃል። በዚያው አካባቢ፣ በሐይቅ ወይም በውጫሌ ከተማ፣ አንድ የሙዚቃ መምህር የማሲንቆ ተጫዋችን ድምፅ ለክፍል ትምህርት ሲቀዳ ከዜማው ጋር ያልተጋበዘ ድምፅ ሊገባበት ይችላል። ይኸውም ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው የማያቋርጥ እምምታ ነው። እምምታውን ለማስወገድ በኮምፒዩተር የሚሠሩ የድምፅ ማጣሪያዎች አሉ። ይሁን እንጂ ማጣሪያው በጥንቃቄ ካልተነደፈ ከእምምታው ጋር ቅኝቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ተማሪውም የጎደለውን ቅጂ እንደ እውነተኛው አምባሰል አድርጎ ይማራል።

ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የድምፁ ሞገድ በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ ናሙና ይባላል። በሴኮንድ 8,000 ናሙና ቢወሰድ ከ4,000 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በትክክል መወከል ይቻላል፤ የናሙናው ብዛት ከድምፁ ድግግሞሽ ከእጥፍ መብለጥ እንዳለበት ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል። እንግዲህ ዲጂታል ማጣሪያ ማለት እነዚህን ቁጥሮች በተራ ተቀብሎ፣ በማባዛት፣ በመደመርና በመቀነስ ሌላ የቁጥር ተራ የሚያወጣ ስሌት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት ሊሠራው የሚችል ነው።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እምምታውም በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ፣ ማለትም በ100፣ በ150፣ በ200 እያለ ይሰማል። ናሙናው በሴኮንድ 8,000 ከሆነ የአንዱ ምልልስ ርዝመት 160 ናሙና ነው። ስለዚህ ቀላሉ ማጣሪያ ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ ከ160 ናሙና በፊት የነበረውን መቀነስ ነው። በየ160ው ናሙና ራሱን የሚደግም ማናቸውም ድምፅ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል፤ እምምታውም ከነብዜቶቹ ይጠፋል። ለሒሳብ መምህር ይህን ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ችግሩ የሚታየው ቅኝቱ ሲመጣ ነው። በአምባሰል ውስጥ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ከመነሻው ጀምሮ ግማሽ፣ ሁለት ሙሉ፣ አንድ ሙሉ፣ ግማሽ፣ እንደገናም ሁለት ሙሉ ነው። መነሻው 200 ኸርዝ ቢሆን አምስቱ ድምፆች ወደ 200፣ 212፣ 267፣ 300 እና 318 ኸርዝ ይጠጋሉ። (የማሲንቆ ተጫዋች በጆሮው ስለሚቃኝ ቁጥሮቹ የስሌት ግምት ናቸው።) ከነዚህ ውስጥ 200 እና 300 የ50 ብዜቶች ናቸው። በመሆኑም የመጀመሪያውና አራተኛው ድምፅ ከነተከታይ ድምፆቻቸው፣ ከ400ውና ከ600ው ጋር፣ ይሰወራሉ። 212ም ቢሆን ማጣሪያው በደንብ ከሚያሳልፈው ድምፅ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው፤ ከጤፍ የተስተካከለ አሸዋ ከጤፉ ጋር ያልፋል። ማጣሪያም የሚለየው በድግግሞሽ ብቻ ስለሆነ እምምታውንና ማሲንቆውን ለይቶ አያውቅም።

የተሻለው አማራጭ አንዲትን ጠባብ ስፍራ ብቻ የሚቆርጥ ማጣሪያ ነው። በ200 ኸርዝ አካባቢ የግማሽ ድምፅ ርቀት 12 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ ስፋቱ ከዚህ በብዙ ያነሰ፣ ለምሳሌ 2 ኸርዝ፣ መሆን ይገባዋል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ የመጡለትን ናሙናዎች ብቻ ሳይሆን ራሱ ቀደም ሲል ያወጣቸውንም ውጤቶች መልሶ በስሌቱ ያስገባል። ጥበቱ ግን ዋጋ አለው። ማጣሪያው በጠበበ መጠን ያለፈውን የሚረሳው በዝግታ ነው፤ 2 ኸርዝ የሆነው ድንገት ከተነካ በኋላ ወደ አንድ ሺህኛ እስኪወርድ አንድ ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። ምቱ ሲጀምር የሚሰማው ጭራ ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ በ50፣ በ100 እና በ150 ኸርዝ ላይ መቁረጥ ከሁሉም ድምፆች በታች ስለሆነ ዜማውን አይጎዳም። በ200 እና በ300 መቁረጥ ግን የቅኝቱን መነሻና አራተኛ ድምፅ ይነካል። እዚህ ላይ ከስሌቱ ይልቅ የማሲንቆው መቃኛ ይረዳል። ተጫዋቹ ጥቂት ከፍ አድርጎ በ210 ቢቃኝ ድምፆቹ ወደ 210፣ 222፣ 280፣ 315 እና 333 ይሄዳሉ፤ ከእምምታው ብዜቶችም ይርቃሉ።

በነጻ በሚገኘው በኦዳሲቲ ሶፍትዌር ተጠቃሚው የሚቆረጠውን ድግግሞሽና ኪው የተባለውን ቁጥር ያስገባል። ኪው ድግግሞሹ ለስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ለ50 ኸርዝ 25፣ ለ100 ደግሞ 50 ይሆናል። ሰሜን አሜሪካ በ60 ኸርዝ ስለምትጠቀም ከውጭ የሚመጡ ሶፍትዌሮች በዚያ ቁጥር ተዘጋጅተው ሊገኙ ይችላሉ፤ ወደ 50 መለወጥ ያስፈልጋል።

ከምቱ በፊት አምስት ሴኮንድ ያህል ዝምታን መቅዳት እምምታው በየትኞቹ ብዜቶች እንደበረታ ያሳያል። መቅጃው በባትሪ ቢሠራና ከማቀዝቀዣና ከመብራት መስመር ቢርቅ ማጣሪያው ጭራሹን ላያስፈልግ ይችላል። የትምህርት ቤቶችን የድምፅ ክምችት የሚያቅዱ ባለሙያዎችም የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ በተጣራው ላይም መነሻው ድምፅ፣ የናሙናው ብዛትና የተቆረጡት ድግግሞሾች እንዲጻፉበት አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።