ስሙ የሚጻፈው ሳህኑን ያቀረበው ሰው ነው

እዚህ ናይሮቢ ብዙዎቻችን በአገራችን ምግብ ቤቶች የሚሠራ ዘመድ አለን። አባቱ አስተናጋጅ የሆነ፣ እናቷ እንጀራ የምትጋግር፣ ወንድሙ ቅዳሜና እሁድ ሳህን የሚያጥብ አለ። ስለዚህ ደንበኞች ጉግል ካርታ ላይ የሚጽፉት አስተያየት ቤታችን ድረስ ይገባል። ሠራተኞች ይህን እንዴት እንደሚቋቋሙት ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። 10 ሰዎች 5 ኮከብ የሰጡት ቤት ባለ 1 ኮከብ አስተያየት ሲጨመርበት አማካዩ ወደ 4.6 ይወርዳል። 100 ሰዎች 5 ኮከብ በሰጡት ቤት ግን ያው አንድ አስተያየት አማካዩን ከ4.9 በታች አያወርደውም። አዲስና ትንሽ ቤት የበለጠ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አስተናጋጁ ቲፕ ያጣል።

አስተያየቶቹን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። አንደኛው እውነተኛ ቅሬታ ነው። ምግቡ ከዘገየ ወይም ጠረጴዛው ካልተወለወለ መፍትሔው ማረም ነው። ሁለተኛው ካለማወቅ የሚመጣ ነው፤ «እንጀራው ኮምጥጧል፣ ተበላሽቷል»፣ «ቡናው ቆየብን» እንደሚሉት። እንጀራ የሚኮመጥጠው ሊጡ በእርሾ ለቀናት ስለሚብላላ ነው። ቡናውም የሚቆየው እዚያው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና በጀበና ፈልቶ ስለሚቀርብ ነው። ይህን ለእንግዳው አስቀድሞ መንገር ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ሦስተኛው ስድብ ነው። የሠራተኛን መልክ፣ ዘር ወይም አነጋገር የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ የጉግልን ደንብ ስለሚጥስ ባለቤቱ እንዲነሣ ማመልከት ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይነሣም።

መልስ ሲጻፍ ጥንቃቄ ያሻል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ በንዴት የተጻፈ መልስ ነገ የሚመጣው ደንበኛም ያነበዋል። ስለዚህ በዚያው ሌሊት አለመመለስ፣ ስሙ የተነሣው ሠራተኛም ራሱ አለመጻፉ ይሻላል። ጥሩ መልስ አጭር ነው፤ ያመሰግናል፣ የሆነውን ይናገራል፣ ምን እንደተስተካከለ ይገልጻል።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ አስተያየቱን በጋራ መሸከም አለበት። ወጡ የዘገየው መብራት ጠፍቶ ወይም ለአንድ አስተናጋጅ ብዙ ጠረጴዛ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛው የሚያየው ግን ሳህኑን ያቀረበለትን ሰው ብቻ ነው። ኃላፊው ሳያጣራ ከደመወዝ ቢቆርጥ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ችግሩም ይደገማል። በሳምንት አንድ ቀን ምስጋናውንም ወቀሳውንም አብሮ ማንበብ፣ «ምን እናርም?» ብሎም መነጋገር ይሻላል።

እኛም ውጭ ስንበላ ድርሻ አለን። ቅር ያለንን መጀመሪያ እዚያው በአክብሮት እንናገር። ከጻፍንም ስለ ምግቡና ስለ መስተንግዶው እንጻፍ። የሠራተኛን ስም ደግሞ ስናመሰግን እንጥራ።