መፈለግ ሌላ፣ መርካት ሌላ

የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ስም ጋዜጣ ላይ የወጣ ዕለት ሰፈራችን በእልልታ ተናወጠ። ከግቢያችን አጠገብ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ የምትኖር ጎረቤታችን ጋዜጣውን አጣጥፋ ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። «ውሃ አታብዙ፣ መብራት በጊዜ አጥፉ፣ እንግዳ አታምጡ» እየተባሉ መኖር ምን እንደሆነ ተከራይቶ ያየ ያውቀዋል። እናቴ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ ተበተነ። እሷም ዓይኗን እየጠረገች «ከእንግዲህ እግዜርን ምን ብዬ እለምነዋለሁ?» አለች።

በሦስተኛው ዓመት ልጠይቃት ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ ፀሐይ ይገባዋል፤ በረንዳው ላይ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አለ። ገና አረፍ ሳልል ጣቷን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረች። የፊት ለፊት ጎረቤቷ ጂብሰም አሠርታለች፤ ማታ ማታ መብራቱ ሲበራ ከውጭ ድረስ ይታያል። «የእኔ እኮ ቤት አይባልም» አለችኝ። ጋዜጣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ያለቀሰችው ያችው ሴት ናት።

ልፈርድባት አይደለም ይህን የማነሣው። እኔም መጀመሪያ ደመወዝ ሲጨመርልኝ ደስታው የቆየው ሁለተኛውን ደመወዝ እስክቀበል ድረስ ነው። በሦስተኛው ወር ጭማሪው ጭማሪ መሆኑ ቀርቶ ደመወዜ ሆነ፤ የማያዳርሰው ደመወዜ።

«ኑሮ ካሉት መቃብር ይሞቃል» ይላል ያገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ ይህን የምንለው ክፉ ኑሮ የለመደ ሰው ስናይ ነው። ነገሩ ግን ወደ ላይም ይሠራል፤ መቃብርን የሚለምድ ፍጥረት ቪላንም ይለምዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን መላመድ በስፖርት ቤት ካለው የመሮጫ ማሽን ጋር አመሳሰሉት። ሯጩ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ከቆመበት ግን ፈቀቅ አይልም። ከሰባት ዓመት በኋላ ብሪክማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአሜሪካ የኢሊኖይ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች፣ በአደጋ አካላቸው ሽባ የሆነባቸውን 29 ሰዎችና ሁለቱም ያልገጠሟቸውን ሌሎች 22 ሰዎች ጠየቀ። ባለ ሎተሪዎቹ ከተራው ሰው ይህ ነው የሚባል የደስታ ብልጫ አልነበራቸውም። ቁርስ ከመብላት፣ ከወዳጅ ጋር ከመጨዋወት፣ ቀልድ ከመስማት የሚያገኙት ደስታ እንዲያውም ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንድ ትልቅ ደስታ ገብቶ ትንንሾቹን አደበዘዛቸው።

ይህ ጥናት በየመጽሐፉ ስለሚጠቀስ አንድ ነገር ማከል ግድ ይለኛል። 22 ሰው ጥቂት ነው። በስዊድን ሎተሪ የደረሳቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሥራ ትልቅ ገንዘብ ያገኙት ከዓመታት በኋላም በኑሯቸው ይበልጥ ረክተው እንደቆዩ አሳይቷል። በዕለት ተዕለት የደስታ ስሜታቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚያ አነስ ያለ ነበር። ስለዚህ «ገንዘብ ምንም አይፈይድም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ደስታው ቶሎ ለምን እንደሚደበዝዝ መጠየቅ ግን ይገባል፤ መልሱን ፍለጋ ወደ ጦጣና ወደ አይጥ ቤተ ሙከራ ጎራ እንበል።

የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ ስዊዘርላንድ ውስጥ በፍሪቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩ የጦጣ የነርቭ ሴሎችን እንቅስቃሴ በቀጭን ሽቦ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። ጦጣዋ ሳታስበው ጠብታ ጭማቂ አፏ ውስጥ ሲገባ ሴሎቹ ይንጫጫሉ። ቀጥሎ ጭማቂው ከመምጣቱ በፊት ምልክት ይሰጣት ጀመር። ጦጣዋ ምልክቱን ስትለምድ ጫጫታው ቦታ ለወጠ። ምልክቱ ሲሰጥ ሴሎቹ ይነቃሉ፤ ጭማቂው ራሱ ሲደርስ ግን ምንም አዲስ ነገር የለም። ጭማቂው ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ደግሞ ከወትሮውም በታች ይወርዳሉ። ሹልትስ ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ፈታው፤ እነዚህ ሴሎች የሚለኩት በጠበቅነውና ባገኘነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከጠበቅነው በላይ ሲሆን ያበስራሉ፤ ልክ የጠበቅነው ሲሆን ዝም ይላሉ። ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ፣ የለመድነው ቤት፣ በየጠዋቱ የምናየው ፊት ሁሉም የተጠበቁ ናቸው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ ግን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው የኬንት ቤሪጅ ሥራ ነው። ቤሪጅ ሥራውን በጀመረበት ዘመን ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬም በየስልኩ ይህንኑ የሚያስተምር ሞልቷል። ቤሪጅ ዶፓሚናቸው እንዲሟጠጥ የተደረጉ አይጦችን ያዘ። እነዚህ አይጦች ምግብ አፍንጫቸው ሥር ቢቀመጥ እንኳ አይበሉም፤ ካላጎረሷቸው በረሃብ ይሞታሉ። ታዲያ ጣፋጭ ነገር አይጥማቸውም ማለት ነው? ቤሪጅ አፋቸው ውስጥ የስኳር ውሃ ጠብ አደረገላቸው። አይጦቹ ምላሳቸውን አውጥተው አጣጣሙ። ከንፈሩ ላይ ጣፋጭ ነገር ጠብ የተደረገለት ሕፃን የሚያሳየው ምልክት ነው፤ ልጅ ያሳደገ ሁሉ አይቶታል። እነዚያ አይጦች ስኳሩ ጥሟቸዋል። የጠፋባቸው ስኳሩን ፍለጋ የሚያስነሣቸው ጉልበት ነው።

እንግዲህ አንጎላችን ውስጥ መፈለግና ማጣጣም ሁለት ሥራዎች ናቸው። የመፈለጉ መረብ ሰፊና ብርቱ ነው። ማጣጣምን ከፍ የሚያደርጉት ቦታዎች ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ በአይጥ አንጎል ውስጥ አንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ያህላል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የሚለያዩበት ጊዜም አለ። ሱሰኛ ሰው ከእንግዲህ የማይጣፍጠውን ነገር ሌሊት ተነሥቶ ሲፈልግ የምናየው ለዚህ ነው። ስኬትን በማሳደድ ዕድሜውን የጨረሰ ሰውም ከዚህ እጅግ የራቀ አይመስለኝም። ያሯሯጠው ያ ብርቱ መረብ ነው፤ ማዕዱ ሲቀርብ ግን የሚበላው ሌላው፣ ትንሹና ቶሎ የሚጠግበው ነው። ሯጩ ሌላ፣ በዪው ሌላ።

በዚህ ላይ ንጽጽር ይጨመርበታል። ሳራ ሶልኒክና ዴቪድ ሄመንዌይ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች ምርጫ ሰጡ። ሌላው ሰው በዓመት 25,000 ዶላር ሲያገኝ አንተ 50,000 ብታገኝ ይሻልሃል ወይስ ሌላው 200,000 ሲያገኝ አንተ 100,000 ብታገኝ? የዕቃ ዋጋ በሁለቱም አንድ ነው። ግማሽ ያህሉ ከጎረቤት እስከበለጡ ድረስ አነስ ያለውን ገቢ መረጡ። የዕረፍት ጊዜ ጥያቄ ሲመጣ ግን ብዙዎቹ የጎረቤትን ትተው ለራሳቸው ብዙ ቀን የሚያገኙበትን መረጡ። ዕረፍት በፉክክር ብዙ የማይነካ ደስታ ነው ማለት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወንድም፣ ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት የምትደክም እህት ከሁሉ አስቀድመው የሚሠዉት ይህንኑ ነው። ለብዙዎቹ ከኋላ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለና ምርጫ አልነበራቸውም። የሚያሳዝነኝ ግድ የሆነው ሁሉ ከተሟላ በኋላም መቆም የማይቻለው ሲሆን ነው። ድሮ ራሳችንን የምናነጻጽረው ከአንድ ሰፈር ሰው ጋር ነበር፤ ዛሬ የዓለም ሳሎን ሁሉ ስልካችን ውስጥ ተደርድሯል።

መርካት ማለት ድህነትን መቀበል ማለት እንዳልሆነም በግልጽ ልናገር። የልጁን ምሳ ያጣን ሰው «በቃኝ በል» ማለት ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን ከ450,000 በላይ የአሜሪካውያንን መልሶች መርምረው፣ የዕለት ስሜት ከገቢ ጋር የሚሻሻለው በዓመት እስከ 75,000 ዶላር ገደማ ነው ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ካህነማን ራሱ ከማቲው ኪሊንግስዎርዝና ከባርባራ ሜለርስ ጋር ሆኖ አሳቡን አረመ፤ ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር መጨመሩን ይቀጥላል። አካሄዱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ከ10,000 ወደ 20,000 መሄድ የሚሰጠውን ያህል ደስታ ለማግኘት 100,000 ያለው ሰው 200,000 ያስፈልገዋል። በሌላ አነጋገር፣ ለመጀመሪያዋ እንጀራ የተከፈለ ዋጋና ለመቶኛዋ የሚከፈለው እኩል አይደለም።

ታዲያ መላመድን የሚያዘገይ ነገር አለ? አለ፤ እኛ አገር ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዮርዲ ኮድባክና ኤሊዛቤት ደን ሰዎችን ቸኮሌት አቀመሱና ከፊሎቹን ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት እንዳይነኩ፣ ሌሎቹን እስኪበቃቸው እንዲበሉ፣ ቀሪዎቹን እንደ ወትሯቸው እንዲሆኑ አደረጉ። ከሳምንት በኋላ እንደገና ሲያቀምሷቸው ይበልጥ ያጣጣሙት የተከለከሉት ሆኑ። ይህን ሳነብ የሁዳዴ ፍቺ ትዝ አለኝ። 55 ቀን ሽሮና ምስር የሰነበተ ሰው በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ የሚጎርሳት የመጀመሪያዋ የዶሮ ወጥ ጉርሻ! እናቴ እንቁላሉን በጣቷ ከፍላ ከእንጀራው ጋር ጠቅልላ ታጎርሰናለች፤ ለአፍታ ቤቱ ጸጥ ይላል። በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ የምትቀመስ ቴምርም እንዲሁ ናት። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው እንጂ ለምላስ አይደለም። ቢሆንም ያለንን ነገር ለጊዜው መተው እንደገና አዲስ እንደሚያደርገው አባቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ኖረውታል።

ሁለተኛው ልብን ሰብስቦ መገኘት ነው። ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 2,250 ሰዎችን በስልካቸው በድንገት እየጠየቁ ምን እየሠሩ፣ ምን እያሰቡ፣ ምን እየተሰማቸው እንደሆነ መዘገቡ። ሰዎቹ 46.9 በመቶ በሆነው ጊዜ ልባቸው ከሚሠሩት ሥራ ሸፍቶ ነበር፤ ልባቸው በሸፈተበት ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ነበር። ቡና ሲቆላ ጭሱን ወደ ራስ ሳብ አድርጎ ማሽተት፣ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ሳይቸኩሉ መጠበቅ ልብን ይሰበስባል። ስልክ እየነካኩ የሚጠጣ ቡና ግን ጉሮሮ ያርሳል እንጂ ሌላውን አይሰጥም።

ከሁሉ የሚልቀው ሰው ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረው ጥናት 724 ወንዶችን፣ ከፊሎቹን ከሃርቫርድ ተማሪዎች፣ ሌሎቹን ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች ወስዶ ዕድሜ ልካቸውን ተከትሏቸዋል። የጥናቱ ኃላፊ ሮበርት ዋልዲንገር እንደሚናገረው በ50 ዓመታቸው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር ባላቸው ግንኙነት የረኩት በ80 ዓመታቸው ከሁሉ ጤነኞች ሆነው ተገኝተዋል።

ያቺ ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ጂብሰሙን አሠራች። ስሄድ ቀና ብዬ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። «የቱ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥታ ያችን የፊት ለፊት ጎረቤቷን ለቡና ጠራቻት። ሦስታችን ተቀምጠን በረካው ሲወርድ መሽቶ ነበር፤ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

እናንተም ይህን ስታነቡ «ነገ እደውልለታለሁ» እያላችሁ የቆያችሁት ሰው ካለ፣ ዛሬ ደውሉለት።