ጸሐፌ ትእዛዙ ለምን አርሲ መጡ?

በ1947 ዓ.ም. ለአርሲ ጠቅላይ ግዛት አዲስ ገዥ ተሾመ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ። ላዩን ሲያዩት ሹመት ነው፣ ውስጡ ግን ግዞት ነበር።

ሰውየው ከጃንሆይ ጋር እንግሊዝ የተሰደዱ፣ ከነጻነት በኋላም እስከዚያች ዓመት የጽሕፈት ሚኒስትር ሆነው የቆዩ ናቸው። በየጊዜው አገር ግዛትና ፍርድ ሚኒስቴርንም ደርበው ይዘዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባሉት መኮንን እንዳልካቸው ነበሩ። ጉዳይ ያለው ሰው ግን ደጅ የሚጠናው ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ነው፤ የንጉሡ ጆሮ እዚያ ነበራ! ታዲያ ጃንሆይ ያንን ሁሉ ሥልጣን ባንድ ቀን ወስደው ወደ እኛ አርሲ ላኳቸው፣ ከዚያም ወደ ጋሞ ጎፋ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ሚኒስትር መሾምና መሻርን ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ተወው።

ሥልጣን ሁሉ የንጉሡ መሆኑን ካልያዝን የኋላው ጠቅላይ ሚኒስትር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ነገር አይገባንም። የኤርትራን ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት ፊት የተከራከሩ ዲፕሎማት ናቸው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ወንድማቸው መኮንን ተገደሉ፤ እሳቸው በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው። እንደ እኔ ግምት ያን ቀን የተሰጣቸው ሥልጣን ሳይሆን ተጠያቂነት ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። እዚሁ አርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ ላይ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ መጣ። መሬቱ ማትረፍ ሲጀምር ባለርስቱ ትራክተር አስገባ፣ ጭሰኛውን አባረረ። ስዊድኖቹ የጭሰኛ ሕግ ይውጣ እያሉ ወተወቱ። የአክሊሉ መንግሥትም ረቂቁን ለፓርላማ አቀረበ፤ ባለርስቶች በሞሉበት ፓርላማ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ጃንሆይ ቆርጠው ቢያዙ ያልፍ ነበር እላለሁ፤ አላዘዙም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደግሞ ማዘዝ አይችሉም።

የወሎ ረሀብ፣ የቤንዚን ዋጋ፣ የመምህራንና የታክሲ አድማ፣ የወታደሩ አመፅ ተደራርበው ሲመጡ ግን ዕዳው የካቢኔው ሆነ። አክሊሉ የካቲት 20 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥልጣን ለቀቁ። የተኳቸው የመኮንን እንዳልካቸው ልጅ፣ ልጅ እንዳልካቸው፣ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎችን ሲረሽን ሁለቱም ከተረሸኑት መካከል ነበሩ።

አክሊሉ በ13 ዓመት ያልሆነላቸውን የጭሰኛ ጉዳይ ደርግ በዚያው ዓመት የካቲት 25 በአንድ አዋጅ ጨረሰው። ያን ጊዜ የሚከራከር ፓርላማ አልነበረም።