መገለልን የሚሰብረው ትውውቅ

በቡታጅራ ዙሪያ ገጠር የሚኖሩ 178 የከባድ የአእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች ተጠይቀው፣ ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከመቶ 37ቱ ሕመሙ እንዳይታወቅባቸው ይፈልጉ ነበር። ጥናቱ የታተመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ፍርሃታቸው አይገርምም፤ «በዘራቸው አለ» ከተባለ የእህት ጋብቻ ሳይቀር ይሰናከላል። ታማሚው ታዲያ ጓዳ ይቀራል። ጎረቤት የሚያውቀው የጮኸበትን ቀን ብቻ ነው፤ ተሽሎት እንጨት ሲፈልጥ አያየውም። ግምቱን በምን ያርመው?

ተመራማሪው ፓትሪክ ኮሪጋንና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ከ14 አገሮች የተሰባሰቡ 72 ጥናቶችን መርምረው ነበር። የአዋቂዎችን አመለካከት ይበልጥ የለወጠው ትምህርት ሳይሆን ሕመሙ ካለበት ሰው ጋር መገናኘት ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ከቪዲዮ ይልቅ ፊት ለፊት። በታዳጊዎች ዘንድ ግን ትምህርቱ በለጠ።

የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል፤ የታሰረን ሰው ከሰንሰለቱ አስፈትቶ ጎረቤት ዘንድ ቡና እስኪጠራ የሚያደርሰው ሌላ ሥራ ነው። ባለሙያዋ ቤት ድረስ ሄዳ ታማሚውን ለብቻ፣ እናቱን ለብቻ ታዳምጣለች። ቤተሰቡ ጸበል የሚወስደው ከሆነ አትነቅፍም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ግን ትማጠናለች። ከዚያ ትንሽ ትንሽ ነው፦ ልብስ ማጠብ፣ ውኃ መቅዳት፣ አብሮ ገበያ መውጣት። የእድሩን ዳኛ ታነጋግራለች፤ ቀብር ላይ ድንኳን ሲተከል እሱም እንዲጠራ። አብሮ ካስማ የተከለን ሰው መፍራት ከባድ ነው።

ይህን መሰል ድጋፍ በሶዶ ወረዳ ተሞክሯል። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ሁሉም የጤና ጣቢያ ሕክምና ሲያገኙ፣ ግማሽ ያህሉን ደግሞ ለአምስት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው እየሄዱ ደገፏቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ቤታቸው የተጎበኙት በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ካልተጎበኙት ይልቅ ተሻሽለዋል። የተለካው የሰዎቹ ኑሮ እንጂ የጎረቤት ልብ አልነበረም፤ ሆኖም ገበያ የወጣ፣ የሠራ ሰው ይታያል፤ መታየቱ ደግሞ የትውውቅ መጀመሪያ ነው።

እንደ እኔ፣ ለአእምሮ ጤና ሲበጀት ለፖስተርና ለስብሰባ ከሚወጣው ይልቅ ቤት ለቤት ለሚዞር ባለሙያ ደመወዝና ትራንስፖርት መቅደም አለበት። ስብከቱ ለትምህርት ቤት ይቆይ፤ እዚያ ይሠራል።