«የደም አንጎል ኬላ»፦ ለአንድ የሕክምና ጽንሰ ሐሳብ የቀረበ ስያሜ

በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል በነበረበት ዘመን ከመረመራቸው የአገራችን ጥራጥሬዎች አንዱ ጓያ ነው። ጓያ እግርን እንዴት ሽባ እንደሚያደርግ በአማርኛ ለማስረዳት የሚነሣ ጸሐፊ ግን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን መከላከያ የሚጠራበት ቃል ያስፈልገዋል። በቅድሚያ ወደ አሳብ የሚመጡት ግድግዳ፣ ወንፊትና ኬላ ናቸው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚስማማ ለመለየት በመጀመሪያ ነገሩን እንመርምር።

፩. የነገሩ ጠባይ

እ.ኤ.አ. በ1885 ፓውል ኤርሊኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በእንስሳት ደም ውስጥ የጨመረው ቀለም ሌላውን አካል ሲያቀልም አንጎልን ሳይነካ መቅረቱን ገለጠ። ምክንያቱ በ1967 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ፤ የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ሕዋሳት እርስ በርሳቸው በጥብቅ የተጋጠሙ ናቸው። ኦክስጅንና አልኮል በሕዋሳቱ ውስጥ አልፈው ይገባሉ። የፕሮቲን መሠረት የሆኑት አሚኖ አሲዶች ግን በውሃ እንጂ በስብ በቀላሉ ስለማይሟሙ በራሳቸው አያልፉም። ለእነርሱ በሕዋሳቱ ገጽ ላይ ልዩ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነዚህን አሻጋሪ ብለናቸዋል። ሉሲን፣ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን በአንድ ዓይነት አሻጋሪ ስለሚጓዙ ይሻማሉ፤ አንዱ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ሲበዛ የሌሎቹ ድርሻ ይቀንሳል።

፪. የቃሉ ምርጫ

ግድግዳ ብንል ምንም አያልፍም ማለት ይሆናል፤ ይህም ስሕተት ነው። ወንፊት ብንል ደቃቁ ያልፋል፣ ሻካራው ይቀራል ማለት ነው፤ ይህንም የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒት ያፈርሰዋል። ለሕመምተኛው አንጎል የጎደለው ዶፓሚን ነው፤ ነገር ግን ዶፓሚን በደም ቢሰጥ ወደ አንጎል አይገባም። ሌቮዶፓ የተባለው አሚኖ አሲድ በሞለኪውሉ ከዶፓሚን የሚተልቅ ሲሆን፣ አሻጋሪ ስላለው ይገባል፤ ከገባም በኋላ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስለዚህ የሚለየው መጠን ሳይሆን ማንነት ነው።

ኬላ ግን የነጋዴ መንገድ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። በኬላ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይመለሳል፤ ጠባቂም አለው። የምንመርጠው ይህን ነው።

፫. ቃሉ በጓያ ሲፈተን

ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም ሌላው አዝመራ ሲጠፋ የድኻ ገበሬ መጠጊያ ይሆናል። በደንቢያ፣ በፎገራና በደላንታ ብዙ ሰው እግሩ ተሳስሮ የቀረው ለወራት በአብዛኛው እርሱኑ በመብላት ነው። በውስጡ ያለው መርዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ተለይቶ የታወቀው ኦዳፕ፣ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲን አይሠራበትም። በጠባዩ የነርቭ መልእክተኛ የሆነውን ግሉታሜት ስለሚመስል የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ ያነሣሣል፤ ያም ይጎዳቸዋል። ኬላው እንዲህ ያሉትን አሲዳዊ አሚኖ አሲዶች አጥብቆ ይገድባል። ኬላቸው ገና ባልጠና አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ላይ መርዙ ሲወጋ ያንዘፈዝፋቸዋል፤ ያደጉት ዶሮዎች ግን ይቋቋሙታል። ሆኖም ጠባቂው ፍጹም አይደለም፤ ብዙ መርዝ ለረጅም ጊዜ ሲመላለስበት ጉዳቱ ይደርሳል።

የቃሉ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በአንዳንድ ገጠር ሕመሙ ከጓያ እንፋሎት ወይም በገለባው ላይ ከመተኛት ይመጣል የሚል እምነት አለ። መርዙ በመብል ወደ ደም፣ ከደምም በኬላው በኩል ወደ ነርቭ እንደሚሄድ በሚገባው ቃል የተነገረው ሰው ግን፣ ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከእህል ጋር መቀላቀልና መጠኑን መቀነስ ለምን እንደሚበጅ ይረዳል። መዘፍዘፍ መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

፬. የቀረቡ ቃላት

የደም አንጎል ኬላ፦ ከደም ወደ አንጎል የሚገባውን ለይቶ የሚያሳልፍ የቀጫጭን የደም ሥሮች ሥርዓት። ኅብለ ሰረሰርም ተመሳሳይ ኬላ አለው።

አሻጋሪ፦ አንድን ንጥረ ነገር በሕዋስ ገጽ በኩል የሚያሳልፍ ፕሮቲን።

ጥብቅ መጋጠሚያ፦ ጎን ለጎን ባሉ ሕዋሳት መካከል ክፍተትን የሚዘጋ ትስስር።

አሚኖ አሲድ የሚለው ቃል በትምህርት ቤት የተለመደ ስለሆነ እንዳለ ትተነዋል። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ፣ በተለይም ሐኪምና የግብርና ባለሙያ፣ ሐሳቡን ቢያካፍለን በደስታ እንቀበላለን።