ጎርጎራ ጠልቆ ጎንደር ማደር

ለጎንደር ልጅ ዋና ማለት የፋሲል መዋኛ ነው፡፡ የጥምቀት ዕለት ውኃው ሲባረክ ዘሎ መግባት፣ ብርዱን ችሎ መውጣት፣ በቃ፡፡ አየር በጀርባ ተሸክሞ ከውኃ በታች መቆየት የባሕር በር ያላቸው አገሮች ሰዎች ጨዋታ ይመስለን ነበር፡፡ የእኛ የነበረውንም ቢሆን ያዩልን ሌሎች ናቸው፡፡ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ጊዜ ጣሊያኖች ዳህላክ ድረስ መጥተው ጠልቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለእይታ የበቃው የፎልኮ ኪሊቺ «ስድስተኛው አህጉር» ፊልም የዚያ ጉዞ ውጤት ነው፡፡

ዛሬ ጂቡቲ የሚሠሩ የእኛ ልጆች በዕረፍት ቀናቸው ስኩባ ይማራሉ፡፡ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው፡፡ «ጋሼ፣ ለጥምቀት ስመጣ አንድ ቀን ጎርጎራ ላይ እጠልቃለሁ፣ በማግሥቱ ስሜን ተራሮች እንወጣለን» ብሎ ደወለልኝ፡፡ እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ሐኪምም ጠላቂም አይደለሁም፡፡ ሆኖም ዕቅዱን ስሰማ አንድ ነገር ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ፡፡ ያገኘሁት እነሆ፡፡

በባሕር ጠለል ላይ የቆመ ሰው የሚሸከመው የአየር ግፊት 1 አትሞስፌር ነው፡፡ ባሕር ውስጥ ሲገባ በየ10 ሜትሩ ሌላ 1 አትሞስፌር ይጨመርበታል፡፡ ጠላቂው በዚያ ግፊት ልክ የታመቀ አየር ስለሚተነፍስ ናይትሮጅኑ በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል፡፡ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነውን አስቡ፡፡ ክዳኑ እንደተዘጋ ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ይሆናል፡፡ ጠላቂም ፈጥኖ ወይም ብዙ ቆይቶ ከወጣ የተሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል፡፡ አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ ሕመም፣ አከርካሪ ውስጥ ያለውን ነርቭ ካገኘ ደግሞ ሽባነት ሊያመጣ ይችላል፡፡

ጠላቂዎች የሚመሩባቸው መደበኛ ሠንጠረዦች የተሠሩት ከውኃ ሲወጣ 1 አትሞስፌር ለሚጠብቀው ሰው ነው፡፡ ጣና ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው፤ በላዩ ያለው የአየር ግፊት 0.8 አትሞስፌር ያህል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ጠርሙሱ የሚከፈተው በሰፊው ነው፡፡ የሐይቁ ከፍተኛ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የወረደ ሰው ግን ሂሳቡን መሥራት ያለበት ባሕር ውስጥ 17 ሜትር እንደወረደ አድርጎ ነው፡፡ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ የሚደረግ ጠለቃ ሁሉ «የከፍታ ጠለቃ» ተብሎ የራሱ ደንብ የተበጀለት ለዚህ ነው፡፡ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ባለው የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎቹን ሲያስጠልቅ የገጠመው ይኸው ሂሳብ ነበር፡፡ መሣሪያውም ይሳሳታል፡፡ በባሕር ጠለል የተስተካከለ መርፌ ያለው የጥልቀት መለኪያ ጣና ላይ ሁለት ሜትር ያህል አሳንሶ ያነባል፡፡ የጣና ውኃ ጨው አልባ ስለሆነም ባሕር ላይ ለመስመጥ የሚታጠቁት እርሳስ እዚህ ይበዛል፤ መቀነስ አለበት፡፡

ፍርዴን ልናገር፡፡ ጎርጎራ ላይ ዋናው አስፈሪ ነገር ጥልቀቱ አይደለም፡፡ ዳርቻው ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ በክረምት ወንዞች አፈር ሲያመጡ ውኃው ስለሚደፈርስ ጠላቂው የገዛ እጁን ለማየት ይቸገራል፡፡ ጠዋት ሐይቁ መስተዋት ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፡፡ ጎርጎራ በሰሜን ዳርቻ ስለሆነች ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ማዕበሉ የሐይቁን ርዝመት በሙሉ አቋርጦ አለቱ ላይ ይደርሳል፡፡ ባለ ታንኳዎች ማልደው የሚነሱት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ የዓሣ መረብ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ አለ፡፡ ዓይን ለያዘለት ሰው ግን ዓሣውም አለ፤ ከአንድ ዘር ተከፋፍለው ጣና ውስጥ የተገኙ 15 የባርባስ ዝርያዎች በሳይንስ ዓለም የታወቁ ናቸው፡፡

ዕቅዱ ውስጥ የከነከነኝ ግን «በማግሥቱ» የሚለው ቃል ነው፡፡ የጠለቀ ሰው ወዲያው አውሮፕላን አይሳፈርም፤ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው እስኪሆን ሊቀንስ ይችላልና፡፡ ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው፣ አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ነው፡፡

እንግዲህ እኛ የት እንደምንኖር እንመልከት፡፡ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፡፡ የማልዲቭስ ጎብኚ በረራው ሲያልቅ ባሕር ጠለል አካባቢ ወዳለ አገሩ ይወርዳል፡፡ ጂቡቲ ጠልቆ ቦሌ የሚያርፍ ሰው ግን ከአውሮፕላኑ ቢወርድም ከከፍታው አልወረደም፡፡ በመኪና ወደ ደባርቅ ከቀጠለ ደግሞ 2,800 ሜትር ይደርሳል፤ ጨነቅ 3,600 ሜትር ነው፡፡ የትኛውም የመንገደኛ አውሮፕላን በደህና ቀን ሰውን እዚህ ግፊት ላይ አያስቀምጥም፡፡ የ12 እና የ18 ሰዓቱ ምክር የተሰጠው ለአውሮፕላኑ ከፍታ ነው፤ ለጨነቅ አይበቃም፡፡ ለእህቴ ልጅ የነገርኩት ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጥ ነው፤ መጀመሪያ ስሜን፣ ቀጥሎ ጎርጎራ፡፡ ከጂቡቲ ሲነሳም የ18 ሰዓቱን ጠብቆ ይሳፈር፡፡

አደጋ ቢደርስስ? የመጀመሪያው ዕርዳታ በሽተኛውን አጋድሞ ንጹሕ ኦክስጅን መስጠት ነው፤ ዋናው ሕክምና መልሶ ግፊት ውስጥ የሚያስገባ ክፍል ነው፡፡ ከጎርጎራ የተነሳ በሽተኛ ትልቅ ሆስፒታል የሚያገኘው ጎንደር ነው፡፡ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ ደግሞ ከ300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፡፡ ማለትም ወደ ሐኪሙ የሚወስደው መንገድ ራሱ አረፋውን ያሳብጠዋል፡፡ ኦክስጅኑ ጀልባው ላይ መኖር ያለበት ለዚህ ነው፤ ሆስፒታል ደርሶ የሚጀመር ከሆነ ዘግይቷል፡፡

ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕጋችን ወደብ በነበረን ጊዜ ስለ መርከብና ስለ ጭነት የተጻፈ ነው፡፡ የዚያው ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ደጋም ቆላም አይልም፡፡ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ እንዲክስ ያዛል፤ ቁጥር 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፡፡ በ2016 ዓ.ም. የጎርጎራ ሪዞርት ከተመረቀ በኋላ አንድ ባለ ጀልባ «ላስጠልቃችሁ» ብሎ ቢነሳ፣ የባሕር ጠለል ሠንጠረዥ ይዞ ጣና ላይ መውረዱ በቁጥር 2031 እንደ ጥፋት ሊቆጠርበት ይችላል ባይ ነኝ፡፡ እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ሠንጠረዡ ለስንት ሜትር ከፍታ የተሠራ ነው? ኦክስጅኑስ የት አለ?