ባዶ ለሚውል ቤት ውሻ ማምጣት

ዛሬ የምንመለከተው ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠየቅ ጉዳይ ነው። ባል ማልዶ ወደ ሱቁ፣ ሚስት ወደ ቢሮዋ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በሩ ተቆልፎ ይውላል፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። «ውሻ ብናመጣስ?» ይባላል። ወዲያው ደግሞ «በሙስሊም ቤት ውሻ?» የሚል ይነሳል።

በቅድሚያ ብይኑን እንይ። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያኖር ሰው ከአጅሩ በየቀኑ እንደሚቀነስበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ውሻ ባለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡም ተላልፏል። ስለዚህ ለጌጥና ለመታያ ውሻ ማኖር ለእኛ የሚሆን አይደለም። ቤት ለማስጠበቅስ? ኢማም ነወዊይ በዚህ ላይ ሁለት አቋም መኖሩን ጠቅሰው፣ በሐዲሱ ከተፈቀዱት ጋር በማመሳሰል (ቂያስ) የሚፈቅደው አቋም ይበልጥ ትክክል መሆኑን ገልጸዋል። ግዢውን በተመለከተ የውሻን ዋጋ የሚከለክል ሶሒሕ ሐዲስ ስላለ አብዛኞቹ ዑለማዎች ሽያጩን አይፈቅዱም፤ ሐነፊዮች በዚህ ይለያሉ። ደግነቱ በከተማችን ቡችላ በነፃ የሚሰጥ ጎረቤት አይጠፋም።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «ተፈቅዷል» ብለን ነገሩን እንቋጫለን። ከባዱ ጥያቄ ግን ገና አልተነሳም። ውሻውን የምንፈልገው ቤታችን ባዶ ስለሚውል ነው፤ ውሻው የሚጎዳውም ቤታችን ባዶ ስለሚውል ነው።

የአራዳንና የፒያሳን የድሮ ግቢዎች የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። በኑር (በኒ) መስጂድ አካባቢም ሆነ በዶሮ ማነቂያ፣ ብዙ አባወራ በአንድ የግቢ በር ይወጣና ይገባ ነበር። ውሻው የግቢው እንጂ የአንድ ሰው አልነበረም። አንዷ ትርፍራፊ ትሰጠዋለች፤ ሌላዋ ልብስ አጥባ ስትጨርስ ውሃ ትቀዳለታለች። ሙስሊሟ እናት በእጇ ባትነካውም ቁራሹን አትነፍገውም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቡና የሚቆላ ወይም በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይታጣም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና ሌሎች የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሲሄድ፣ ይህ የጋራ ጥበቃም አብሮ ተበተነ። ሥራው ፒያሳ የቀረ አባወራ ዛሬ ሱብሒን ሰግዶ 12 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ በታክሲ ሰልፍ ቆይቶ ማታ 1 ሰዓት ይገባል። በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ እንግዲህ 13 ሰዓት ብቻውን ዋለ ማለት ነው፤ ውሃውን ከደፋው ደግሞ የሚቀዳለት የለም።

ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ሳትለቃትም የቀረች ሴት በዚሁ ሰበብ እንደተቀጣች በሐዲስ ተነግሮናል። ልብ በሉ፤ ሴትየዋ የተጠየቀችው ድመት በማኖሯ ሳይሆን በማሰሯና በማስራቧ ነው። በውሃ ጥም የሚያለከልክን ውሻ ከጉድጓድ ወርዶ በጫማው ቀድቶ ላጠጣው ሰው ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ምሮታል።

አንዳንዱ «ታስሮ ከሚውል» ብሎ ጠዋት ወደ መንገድ ይለቀዋል። ይህ የባሰ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በበሽታው በብዛት የሚነከሱትም ልጆች ናቸው። የአራዳ ሰው ውሻ የነከሰውን «ፓስተር ውሰዱት» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ ስሙን ያገኘው በክትባት ሥራው ከሚታወቀው ከቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠብለት፤ በዕለቱም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክነው ቀን ነፍስ ያስከፍላል። ውሻው ራሱ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተብ።

እንግዲህ ቤታችሁ ግቢ ካለውና ፍላጎቱ እውነተኛ ከሆነ፣ ከቡችላ ይልቅ ያደገ ውሻ ውሰዱ። ቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት ስለሚፈልግ ሁሉም ሠራተኛ ለሆነበት ቤት አይሆንም። ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው ማደሪያ፣ የማይገለበጥ ከባድ የውሃ ዕቃ ያስፈልገዋል። ሳታመጡት በፊት ደግሞ ዙህር አካባቢ ብቅ ብሎ የሚያየው ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉ፤ የሚጮህ ውሻ የጎረቤትንም ሐቅ ይነካልና ቀድሞ ማማከሩ ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ቢቀር ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖሩ የእኛ አስተያየት አጭር ነው፦ አታምጡ። የብረት በርና ነዋሪው አዋጥቶ የሚቀጥረው ዘበኛ ይበቃል፤ በጠባብ ቤት የሶላት ቦታንም ከምራቁ መጠበቅ ያስቸግራል። ማሊኪዮች ውሻን ንፁህ ቢሉም፣ በሀገራችን የተስፋፋው የሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳ ነው ይላል። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ስለሚታጠብ የእርሱ ዕቃ ግቢ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ።

አንድ ነገር እንጨምር። በዒደል አድሓ ዕለት የበጉ ሳንባ ወይም ጉበት ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ጥሬውን ለውሻ አትወርውሩ። እብጠቱ የትል ዕጭ ነው፤ በውሻው ሆድ አድጎ፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ግቢ ውስጥ ወደሚጫወቱት ልጆች ይተላለፋል። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አጥልቃችሁ ቅበሩት። ወላሁ አዕለም።